ለሲስተር ምስጋና፦ ጅማ ውስጥ የፕሮስቴት ሆርሞን መርፌ የት እንወጋ ለምትሉ

ሰላም የጅማና የአካባቢዋ ሰዎች። የፕሮስቴት ካንሰር ሕክምና ላይ ያለ አባት፣ አጎት ወይም ወንድም ያላችሁ ይህን ጥቆማ ያዙልን። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ክሊኒክ ውስጥ የምትሰራ አንዲት ሲስተር አለች፤ የሆርሞን መርፌ እንደ እሷ ተጠንቅቆ የሚሰጥ ባለሙያ ማግኘት ቀላል አይደለም።

የሆርሞን መርፌ የምንለው ጎስረሊን ወይም በገበያ ስሙ ዞላዴክስ ፈሳሽ አይደለም፤ የሩዝ ፍሬ የምታክል ጠጣር መድሃኒት ናት። 3.6 ሚሊግራሙ በየ28 ቀኑ፣ 10.8ቱ በየ12 ሳምንቱ ከእምብርት በታች ከቆዳ ሥር ይገባል። ሲስተር በመጀመሪያ ማሸጊያው አለመቀደዱን ታያለች። ዋርፋሪን ወይም ሌላ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ መሆኑን ሳትጠይቅ አትጀምርም፤ መርፌው ወፍራም ስለሆነ የሆድ ደም ስር ከነካ ብዙ ሊያደማ ይችላል። ከዚያ ታካሚውን ደገፍ አድርጋ አስተኝታ፣ ቆዳውን ቆንጠጥ አድርጋ፣ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ አዘንብላ ትወጋና እስከ መጨረሻው ትገፋለች። አየር ለማስወጣት ብላ አስቀድማ አትነካካውም፤ እንዲያ ሲደረግ ፍሬዋ ከቦታዋ ትንሸራተታለች።

ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጋ ሰው ከመጣ ደግሞ የወንድ ሆርሞንን ሥራ የሚያግደውን ባይካሉታማይድ ክኒን መጀመሩን ታጣራለች። መርፌው በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሳምንታት ቴስቶስትሮን የሚባለውን የወንድ ሆርሞን ከፍ አድርጎ ነው ኋላ የሚያወርደው። ካንሰሩ አከርካሪ ላይ ከደረሰ ይህ ጊዜ አደገኛ ነው። አዲስ የጀርባ ሕመም፣ የእግር መዛል ወይም ሽንት መከልከል ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ ነው።

ከሁሉ በላይ የምናመሰግናት ግን ከወጋች በኋላ ለምትሰራው ስራ ነው። ቴስቶስትሮን ለረጅም ጊዜ ሲወርድ አጥንት ይሳሳል፣ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት፤ ጡንቻ ይቀንሳል፣ ሆድ ይገፋል፣ ስኳር ይወጣል፣ ደም ያንሳል። የአሜሪካ የምግብና መድሃኒት ባለሥልጣን ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በእነዚህ መርፌዎች ላይ ስለ ስኳርና ስለ ልብ ሕመም ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አድርጓል። እንዲህም ሆኖ በብዙ ቦታ ታካሚው ተወግቶ ይሄዳል፣ ክብደቱን እንኳ የሚለካው የለም። ያሳዝናል።

ሲስተር ግን በየቀጠሮው ክብደት፣ የወገብ ዙሪያና የደም ግፊት በደብተር ትመዘግባለች። በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር 126 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ምርመራው እንዲደገም ወደ ሐኪም ትልካለች። ባይካሉታማይድ የሚወስደውን የጉበት ምርመራ ታስታውሳለች። ለአጥንት ካልሲየም ከምግብና ከክኒን ተደምሮ በቀን ከ1000 እስከ 1200 ሚሊግራም ስለሚያስፈልግ ወተት ስንት ብርጭቆ፣ ጎመንና አይብ በሳምንት ስንቴ እያለች ትጠይቃለች። አንድ ብርጭቆ ወተት ወደ 300 ሚሊግራም ስላለው ሂሳቡ ቀላል ነው። ክኒን በክኒን ላይ መደራረብ ለኩላሊት ጠጠር ስለሚዳርግ የጎደለውን ብቻ መሙላት ይበቃል። ሲጋራ ማቆምና በየቀኑ በእግር መሄድንም አጥብቃ ትመክራለች። ስለ ሙቀት ስሜትና ስለ ወሲብ ፍላጎት መጥፋት አባቶች አፍረው ሲያልፉት፣ እሷ በክብር ቀድማ ታነሳላቸዋለች።

የዘር ፍሬ በቀዶ ሕክምና ያስወጡ ሰዎችም ይህ ክትትል ያስፈልጋቸዋል፤ መርፌ ባይወጉም ሆርሞኑ እኩል ነው የወረደው። ጉዳቱን ሰምቶ መርፌውን በራስ ማቋረጥ ግን ካንሰሩን መልቀቅ ስለሆነ ከሐኪም ጋር ሳይመክሩ እንዳታደርጉት።

ሲስተርዬ፣ እጅሽ ይባረክ፤ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥሽ።

ከሊሙ፣ ከሰቃ፣ ከዴዶ የምትመጡ፣ በክረምት መንገዱ ስለሚያስቸግር ስለ 12 ሳምንቱ መርፌ ሐኪማችሁን ጠይቁ። አድራሻ የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልን። ስትሄዱ የሐኪም ማዘዣውን፣ የመጨረሻውን የፒኤስኤ (የፕሮስቴት የደም ምርመራ) ውጤትና የምትወስዱትን መድሃኒት ሁሉ ይዛችሁ ሂዱ።