የቁም ሣጥናችንን በሮች ላቃኑልን አናጢ ምስጋና

ለወራት እናቴ ልብሷን ለማውጣት ሰው መጥራት ነበረባት። የቁም ሣጥኗ ተንሸራታች በሮች በሁለት እጅ ካልተገፉ አይንቀሳቀሱም ነበር። የልጆቹ ክፍል ተጣጣፊ በር ደግሞ ከላይኛው መያዣው እየወጣ ሁለት ጊዜ ሊወድቅ ሲል ደርሰንበታል። ቀድሞ የመጣ ሠራተኛ ገፋ ገፋ አድርጎ አይቶ «አልቆላቸዋል፣ ሁሉም በአዲስ ይቀየር» ብሎን ሄደ። ዛሬ እነዚያው በሮች በአንድ ጣት ይከፈታሉ። ያቃኑልንን አናጢ በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ውለታ መብላት ይሆንብኛል።

እንደገቡ በሩን ቀስ ብለው ወዲያና ወዲህ እያንሸራተቱ አዳመጡት። ከዚያ ዘግተው በጠርዙና በመቃኑ መካከል ያለውን ክፍተት አሳዩኝ፤ ከላይ ጣት ያስገባል፣ ከታች ወረቀት አያሳልፍም። «በሩ አላረጀም፣ አዘንብሏል» አሉኝ።

የፊተኛውን በር ወደ ላይ አንሥተው ግርጌውን ወደ ራሳቸው ሲስቡት ከሐዲዱ ወጣ። ከሥር ያሉትን ጎማዎች ሳይ አፈርኩ። በሁለቱም ዙሪያ ጸጉርና ክር እንደ ልቃቂት ተጠምጥሟል፤ አንደኛውማ መሽከርከሩን ትቶ ሲጎተት ኖሮ በአንድ ጎኑ ተልጓል። ከሌላኛው ጎማ ክሩን በመርፌ ጫፍ እየመዘዙ አወጡ፤ ለተላገው ግን አሮጌውን ይዘው ሄደው ልኩን አመጡለት። ሐዲዱ ላይ የተጣመመች ቦታ ነበረች፤ እርሷንም በፒንሳ አቀኗት። እኔ ዘይት ስቀባው መክረሜን ስነግራቸው ዘይት አቧራ እየያዘ እንደሚጋገር አስረዱኝ። ሐዲዱን ጠርገውና ወልውለው በምትኩ የሚደርቅ የሲሊኮን ቅባት በስሱ ረጩበት።

በሩ ከተመለሰ በኋላ የቀረው ማስተካከል ነበር። ከግርጌው ጎን ያለችውን ቪቴ በካቻቪቴ ሩብ ዙር ያዞራሉ፣ ይዘጋሉ፣ ራቅ ብለው ያያሉ፣ እንደገና ሩብ ዙር። ክፍተቱ ከላይ እስከ ታች እኩል እስኪሆን አልተቻኮሉም።

የተጣጣፊው በር ችግር ሌላ ነበር። በሩ የሚዞርበትን የታችኛውን ምሰሶ የሚሸከመው ብረት ቪቴዎቹ ላልተው ወደ ውስጥ ሸሽቷል፤ በሩም ዝቅ ስላለ የላይኛው ምሰሶ ከጉድጓዱ ያመልጣል። ረዘም ያለ ቪቴ ጠርቅመውበት መሄድ ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን የሰፋውን ቀዳዳ ኮላ በተነከረ የእንጨት ስንጥር ሞልተው «ሳይደርቅ አይነካም» ብለው ሄዱ፤ በማግስቱም በተናገሩት ሰዓት ተመለሱ። ለእኔ ትልቁ ነገር ይህ መመለሳቸው ነው።

ዋጋቸውን ሥራ ሳይጀምሩ ተናግረዋል፣ ሲጨርሱም አልጨመሩም። ፍርፋሪውን ጠርገው፣ ልጄን ጠርተው ሐዲዱ እንዴት እንደሚጸዳ አሳይተዋት ነው የሄዱት። በአንድ ሰዓት ይለቅ ለሚል ሰው ላይስማሙት ይችላሉ፤ ሥራቸው ጊዜ ይወስዳል። በሩ እንዲቀየር ሳይሆን እንዲጠገን ለሚፈልግ ግን አድራሻቸውን በግል እሰጣለሁ፤ ፈቅደውልኛል።

እናቴ በነጋታው ጠዋት ማንንም ሳትጠራ ሹራቧን ለብሳ ወጣች። ያቺን ጠዋት ያመጡልን እርሳቸው ናቸው፤ እጃቸው ይባረክ።