የፒቪሲ ፕላስቲክ ቧንቧ ለኮምፕሬሰር «ይሆናል» የሚላችሁን ሻጭ እንዳትሰሙት

አሁን ከሱቁ መመለሴ ነው፤ ንዴቱ ገና አልወጣልኝም።

ያንን ዓይነት ሻጭ ታውቁታላችሁ። ጥያቄህን ሳትጨርስ መልስ ያለው። ለቤቴ ጋራዥ የኮምፕሬሰር አየር ማስተላለፊያ ልገዛ ሄጄ የብረት ቧንቧ አንስቼ ነበር። «ይሄ ምን ያደርግልሃል? ይከብዳል፣ ይዝጋል፣ ጥርስ ማስወጣት አለብህ» አለና ፒቪሲ አወጣልኝ። «ለኮምፕሬሰር ነው እኮ» አልኩት። ሁለቴ ነው ያልኩት! ቧንቧውን አዙሮ ጽሑፉን በጣቱ አሳየኝ። ፒኤን 16። «16 ባር ግፊት ይችላል። ያንተ ስንት ነው?» «8።» «በቃ፣ እጥፍ አለህ!»

እኔ ሞኙ፣ ሒሳቡ ስለገባኝ ነገሩ የገባኝ መሰለኝ። ገጥሜ ስጨርስ ፎቶ ሁሉ አንስቼዋለሁ።

ሦስት ሳምንት ሠራ። ከዚያ መፍቻ ላመጣ ከጋራዡ ወጣ እንዳልኩ ጥይት የተተኮሰ መሰለኝ። ስመለስ ከኮምፕሬሰሩ አጠገብ ክንድ የሚያህል ቧንቧ የለም። ቢሰነጠቅ ምን ነበር! እንደ ብርጭቆ ተበታትኗል። አንዱ ስባሪ የጣውላ መደርደሪያው ላይ ተሰክቶ በጉጠት ነው የነቀልኩት። መደርደሪያው ፊቴ ትክክል ነው።

ስባሪውን ይዤ ሄድኩ። ያው ሰውዬ። አገላብጦ አየው፣ ወደ ባልደረባው ዞሮ ሳቀ። «16ቱ እኮ የውኃ ነው። በውኃ ቧንቧ አየር የሚነዳ ማነው?»

ማነው! በዚያው ጣቱ ያሳየኝ ራሱ። ዞር ብዬ የወጣሁት ምላሴ ስለተያያዘ እንጂ ስለተረታሁ አይደለም።

የሚያናድደው ደግሞ የተናገረው እውነት መሆኑ ነው፤ ዘግይቶ ተናገረው እንጂ። ያ ቁጥር 20 ዲግሪ አካባቢ ላለ ውኃ ነው። ከኮምፕሬሰር የሚወጣ አየር ይሞቃል፣ ፒቪሲ ደግሞ ሙቀት ሲያገኘው ይደክማል። ውኃ አይታመቅም፤ ቧንቧው ሲሰነጠቅ ግፊቱ ወዲያው ይወርዳል። የታመቀ አየር ግን እንደ ተጨመቀ ሞላ ነው፤ ስባሪውን ይዞ ይወረወራል። የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ይህንኑ ያስጠነቀቀው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ሻጬ ገና አልሰማም።

ብረት፣ መዳብ፣ አሉሚኒየም፣ ወይም ለአየር የተሠራ የጎማ ቱቦ ግዙ። ፒቪሲ ገጥማችሁ ከሆነ ኮምፕሬሰሩን አጥፉ፣ አየሩን ከታንኩ ጨርሳችሁ አስወጡ፣ ከዚያ አውርዱት።