ሞተሩ ወደ ላይ ተነስቶ ሳይለካ ለጀልባ የኋላ መቀመጫ ቀብድ እንዳትከፍሉ

ጣና ላይ ትንሽ ጀልባ ያላችሁ፣ ሐዋሳና ዝዋይ ያላችሁም፣ ይቺን ሳታነቡ የኋላ መቀመጫ እንዳታሠሩ። እኔ 52 ሺህ ብር ከፍዬ ሁለት ወር እንኳ በወጉ አልተጠቀምኩበትም።

ጀልባዬ 6 ሜትር ፋይበር ነች። ሞተሯ ባለ 25 የፈረስ ጉልበት፣ በእጅ የሚነዳ። ከባሕር ዳር ዘጌ ሰው አመላልሳለሁ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ተሳልመው የሚመለሱ እናቶች ደረቅ ጣውላ ላይ ተቀምጠው ሲደርሱ ወገባቸውን ይዘው ነው የሚወርዱት። እሱ አሳዝኖኝ ነው ሞተሩን ከግራ፣ ከቀኝና ከፊት የሚከብ ሶፋ ላሠራ የተነሳሁት።

የቤት ሶፋ የሚሠራ ቤት "ጀልባም እንሠራለን" አለኝ። ስልኩ ላይ የሚያምር ፎቶም አሳየኝ። ሜትሩን ይዞ መጣና ሞተሩ ወርዶ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ዙሪያውን ለካ። አሥር ደቂቃም አልፈጀበት። "ሞተሩን ላንሳልህ?" ስለው "አያስፈልግም ወንድሜ፣ ልኩን ይዤዋለሁ" አለኝ። ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚያች ልኬት ነው።

የጀልባ ሞተር እንደ ፍሪጅ አንድ ቦታ ቆሞ የሚቀር ዕቃ አይደለም። ወደ ግራና ቀኝ ይዞራል፣ ወደ ላይ ይነሳል። ሲነሳ ደግሞ ጭንቅላቱ ወደ ጀልባው ውስጥ ይተኛል። የኔው ከታሰረበት የኋላ ሰሌዳ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይገባል። መጀመሪያ ቀን ዘጌ ልደርስ ስል፣ ውሃው ሳሳ ሲል እንደ ልማዴ ሞተሩን ላነሳ ሳብኩት፣ ክዳኑ ከሶፋው መደገፊያ ጋር ተላተመና ግማሽ ላይ ቆመ። ፕሮፔለሩ ድንጋይ ሲፍቅ የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። እምቦጭ ሲጠመጠምበትስ? ሞተሩን አንስቶ በቢላ ቆርጦ ማውጣት ግድ ነው። ካልተነሳ ሐይቁ መሃል ቀራችሁ ማለት ነው።

መዞሩም እንደዚያው። መሪውን ወደ ግራ ሙሉ ስገፋው ጣቶቼ ከሶፋው ጠርዝ ጋር ይጣበቃሉ። የማስነሻውን ገመድ ስስብ ክርኔ መደገፊያው ላይ ያርፋል፣ በአጭሩ ስለምስበው ሞተሩ ቶሎ ሥራ አይጀምርም።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ ግን ቤንዚኑ ነው። "ለዓይን እንዲያምር" ብሎ ታንኩን ሶፋው ሥር ባለ ሳጥን ውስጥ ዘጋበት። አንዲት የአየር ቀዳዳ እንኳ የለውም። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፣ ወደ ላይ አይበተንም፣ ሳጥኑ ሥር ይጠራቀማል። አንድ ቀን በቀትር ክዳኑን ስከፍት ሽታው ፊቴን መታኝ። እዚያ ላይ ስንት ሰው አስቀምጬ ነበር! አንድ እንግዳ ሲጋራ ቢለኩስ ወይም የባትሪው ሽቦ ቢፈነጥቅ ምን ይሆን እንደነበር ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል።

ክብደቱንም ማንም አላሰበውም። አራት ሰው በአማካይ 70 ኪሎ ብትሉ 280፣ ሞተሩ ወደ 50፣ ታንኩ ሲሞላ 20 ገደማ፣ ሶፋው ራሱ ከ40 በላይ። ወደ 400 ኪሎ ጀልባዋ ጭራ ላይ ተቆለለ ማለት ነው። አፍንጫዋ ሽቅብ ይሄዳል፣ የኋላው ጠርዝ ከውሃው አንድ ስንዝር ይቀረዋል። ጣና ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ቀልድ አያውቅም። ይታያችሁ፣ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆንን አየሩ ሳስቶ ሞተሩ ከጉልበቱ አንድ ስድስተኛ ያህሉን ያጣል። ያ የተጫነ ሞተር ጀልባዋን ከማዕበል ፈጥኖ አያወጣም።

ዕቃውን ተዉት። ቺፑድ በሌዘር ለብጦ ነው የሰጠኝ። በስድስት ሳምንት ውሃ ጠጥቶ እንደ ዳቦ አበጠ፣ ብሎኑ ሁሉ ዝጎ ሌዘሩን አቆሸሸው።

ስመለስበት "ሞተሩን ወደ ኋላ ግፋው" አለኝ። የት ልግፋው? ገንዘቤን ስጠይቅ "ቀብድ አይመለስም፣ ሥራውም ተረክበሃል" አለ። ደረሰኜን አውጥቼ አየሁት። "ሶፋ 1" ይላል። በቃ። ሞተር አልተጻፈ፣ ልክ አልተጻፈ፣ እንጨቱ ምን እንደሆነ አልተጻፈ። በምን አፌ ልከራከር?

ስለዚህ የሚለካው ሰው ሲመጣ ሞተሩን እስከ መጨረሻው አንሱለት፣ ግራና ቀኝ ሙሉ አዙሩለት፣ ቆማችሁ ገመዱንም ሳቡለት። ከዚያ በካርቶን ቅርጹን ይሥራና ጀልባው ላይ አስቀምጦ ያሳያችሁ። "አያስፈልግም" ካለ ሂሳብ አትጀምሩ። የቤንዚን ታንክ ያለበት ሳጥን ከታችም ከላይም ክፍት ይሁን። እንጨቱ ውሃ የሚችል፣ ብሎኑ የማይዝግ ብረት መሆኑ ውሉ ላይ ይጻፍ። ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ ከኋላ ሰው ሞልታችሁ ዳር ላይ ጠርዙ ከውሃው ስንት እንደቀረው በሜትር ለኩ።

እኔ የመሃሉን ክፍል ቆርጬ አውጥቼዋለሁ። በግራና በቀኝ ሁለት አጭር መቀመጫ ብቻ ቀርቷል፣ ታንኩም ከሳጥኑ ወጥቶ ክፍት ቦታ ተቀምጧል። ሞተሩ አሁን ይነሳል። እናቶቹን ከጀልባዋ መሃል፣ ወፍራም ፍራሽ ላይ አስቀምጣቸዋለሁ።