የሰርግ መኪና ኪራይ ከነ«ሾው ፓኬጁ»፦ 2 ኮከብ፣ እሱም ለጋሼ ሲባል

ወንድሜ በጥር ተሞሽሮ የመኪናው ጉዳይ እኔ ላይ ነበር የወደቀው፣ አሁን ከፋሲካ በኋላ ሰርግ ያላችሁ ሰዎች መኪና እያፈላለጋችሁ ስለሆነ ያየሁትን ልጻፍላችሁ ብዬ ነው። የቤቱን ስም አልጠራም፣ ጠብ ፈልጌ አይደለም፣ ደሞ ይሄን ነገር የሚሸጡት እነሱ ብቻ እንዳልሆኑ ሲያከራዩኝ ራሳቸው ነግረውኛል።

ደህናውን ቶሎ ልበለው። መኪኖቹ ጽድት ያሉ ናቸው፣ ለሙሽሮቹ ነጭ ቪ8፣ ለሚዜ ሌላ፣ ለቤተሰብ ደሞ ሁለት፣ አበባው ትኩስ ነው እንጂ ያ ከአምናው ሰርግ የተረፈ የሚመስለው ፕላስቲክ አይደለም። 6 ሰዓት ብለናቸው 20 ደቂቃ ቀድመው በር ላይ ቆሙ፣ በእኛ ሰርግ ይሄ ተአምር ነው። የሙሽሮቹን መኪና የሚነዱት ሰውዬ፣ ቀኑን ሙሉ ጋሼ እያልን ነው የዋልነው፣ ቬሎው በር እንዳይዘው ራሳቸው ወርደው እየሰበሰቡ፣ ሙሽሪት ቁልቁለቱን አይታ ስትሳቀቅ «አይዞሽ ልጄ፣ እኔ ዛሬ ለማንም አልቸኩልም» እያሉ ነበር። ሁለቱ ኮከብ የሳቸው ነው፣ ለቤቱ አይደለም።

አሁን ወደ «ሾው ፓኬጁ»። ሚዜዎቹ ቲክቶክ ላይ አይተው ነው ያመጡት፣ 18 ሺህ ብር ተጨምሮ ሁለት ሞተር ከፊት ይቀድማል፣ አንድ ዝቅ ተደርጋ የተሰራች መኪና ደሞ አደባባይ ላይ ድሪፍት ትመታለች (ጎማ እያስጮኸች በጎን እየተንሸራተተች ትዞራለች ማለት ነው)፣ ቪዲዮ የሚቀርጸው ልጅ የኋላ ኮፈን ተከፍቶለት እግሩን ውጪ አንጠልጥሎ ይቀመጣል። እኔ ነኝ የፈረምኩት። ፊርማዬ ስላለበት ነው እንዲህ የሚያንገበግበኝ መሰለኝ፣ «ሞተሩ ምን ያደርጋል?» ብዬ ጠይቄያለሁ፣ «ድምቀት ነው እህቴ» አሉኝ፣ እኔም ድምቀት ሲባል ባንዲራ ይዞ ክላክስ እያደረገ የሚሄድ መስሎኝ እሺ አልኩ።

ፎቶ ፕሮግራሙ እንጦጦ ፓርክ ነበር። ሲወጣ ችግር የለም፣ ችግሩ ሲወረድ ነው፣ ያንን ቁልቁለት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ እንጨት የተሸከሙ እናቶች ጎንበስ ብለው ጥጉን ይዘው ይወርዳሉ፣ ሽሮ ሜዳ ስትደርሱ ደሞ የሀበሻ ልብስ ሊገዛ የመጣው ሰው አስፋልቱ ላይ ነው ያለው። እዛ ላይ አንደኛው ሞተረኛ የፊት ጎማውን አንስቶ በኋላ ጎማ ብቻ ቁልቁል ለቀቀው። በቁልቁለት! ፍሬን የሚባል ነገር በዛ አያያዝ ምን ሊሰራለት እንደሆነ እንጃ። ከአንድ እናት በክንድ ርቀት ነው ያለፈው፣ እሳቸው በድምጹ ደንግጠው ወደ ቦዩ ተንደረደሩ፣ እንጨቱ ተበተነ፣ እሳቸውም በጉልበታቸው ወደቁ። አጀቡ አልቆመም። እኔ ያለሁበት መኪና የመጨረሻው ስለነበረ «አቁም!» ብዬ ጮህኩ፣ በዛ ረጅም ቀሚስና ሂል ጫማ ወርጄ እንጨት ስለቅም የሽሮ ሜዳ ሱቅ ሁሉ ወጥቶ ያየኛል። ጉልበታቸው ተልጧል እንጂ አልተሰበሩም፣ ተመስገን ነው። ይዤ የነበረውን ብር ሰጠኋቸው፣ ምን ያህል እንደሆነ እንኳን አልቆጠርኩትም፣ እሳቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ሙሽራዋ ደህና ናት ልጄ?»

ሙሽራዋ ደህና ናት። እኛማ መኪና ውስጥ ነን።

ስድስት ኪሎ ደረስኩ፣ የባሰው እዛ ጠበቀኝ። የካቲት 12 አደባባይን እየዞሩት ነው፣ በ1929 ፋሺስት የጨፈጨፋቸው ሰማዕታት ሐውልት የቆመበትን፣ በየዓመቱ የአበባ ጉንጉን የሚቀመጥበትን፣ ባጠገቡ ሆስፒታል ያለበትን፣ እዛ ላይ ያቺ ዝቅ ያለችው መኪና ጎማ እያስጮኸች ሁለት ዙር ዞረች፣ ጭሱ ነጭ ሆኖ ተማሪዎቹ ላይ ይሄዳል፣ በሁለተኛው ዙር ቂጧ ተንሸራቶ የእግረኛው ጠርዝ ላይ ሊወጣ ምንም አልቀረውም፣ ከኋላ የመጣ ሚኒባስ ፍሬን ይዞ ተሳፋሪው ሁሉ ወደፊት ተደፋ፣ ረዳቱ በመስኮት ወጥቶ «ሰርግ ነው ወይስ ለቅሶ ልታመጡብን ነው?» አለ። መልስ የሰጠው የለም፣ አክስቴ ግን እልል እያለች ነበር። እውነቱን ለመናገር አጎቴም ያጨበጭብ ነበር። ይሄን የምጽፈው አጎቴ እንደሚያነበው እያወቅኩ ነው።

ትራፊኩ አስቆመን፣ ክስ ጻፈ፣ አለቀ። ሰኞ ዲፖዚቴን ልወስድ ስሄድ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው፣ ቅጣቱን ከኔ ዲፖዚት ቆርጠውታል! «እህቴ፣ ውሉን አንብበሽ ነው የፈረምሽው፣ በፕሮግራሙ ወቅት የሚመጣ የትራፊክ ቅጣት በደንበኛ ነው ይላል።» አየሁት፣ ይላል፣ ከታች በትንንሽ ፊደል። ብሩ ደሞ ትንሽ ነው፣ ከመኪናው አበባ ዋጋ ያነሰ፣ እና ያኔ ነው የገባኝ፣ እነዚህ ሰዎች ቅጣቱን እንደ ነዳጅ ወጪ ነው የሚያስቡት፣ ከሂሳቡ ውስጥ ገብቶ ያለቀ ነገር ነው። ሾፌሩ አልተቀጣም፣ ባለቤቱ አልተቀጣም፣ የተቀጣሁት እንጨት የለቀምኩት እኔ ነኝ። ከተነጋገርን አይቀር ለኔም ይገባኛል፣ ፈርሜያለሁ። ግን ብቻዬን?

ከዛ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ክርክሩ አላቆመም፣ ምን ቢቀጡ ነው ፍትሃዊ የሚሆነው እያልን። የአክስቴ ልጅ ዱባይ ብዙ ዓመት በሾፌርነት የሰራ ነው፣ ለሰርጉ መጥቶ ከኔ ጋር ነበር፣ እሱ ይስቅብናል። እዛ ሰው ሕይወት ላይ አደጋ በሚጥል መንገድ ከነዳህ 2 ሺህ ድርሃም፣ 23 ጥቁር ነጥብ፣ መኪናህ 60 ቀን ይታሰራል፣ 24 ነጥብ ከሞላ መንጃ ፈቃድህ ስለሚታገድ በአንድ ቀን ጥፋት ጠርዝ ላይ ነህ ማለት ነው፣ ከ2023 ጀምሮ ደሞ ዱባይ መኪናውን ለማስፈቻ ብቻ 50 ሺህ ድርሃም ነው የምትከፍለው። ሳውዲም ያው ነው፣ ድሪፍቱን እነሱ ተፍሂት ይሉታል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ 20 ሺህ ሪያልና መኪናው 15 ቀን፣ ሲደገም 40 ሺህና አንድ ወር፣ ሶስተኛ ከሆነ 60 ሺህና ፍርድ ቤት፣ መኪናዋም እዛው ልትቀር ትችላለች።

አጎቴ (ያጨበጨበው) «እንዲህ ነው እንጂ!» አለ። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልተዋጠልኝም። ምክንያቱም ማታ እራት ላይ ያችን መኪና የነዳውን ልጅ አግኝቼዋለሁ፣ ገና ልጅ ነው፣ ጥብሱን አቀርቅሮ ይበላል፣ «ስንት ነው የሚሰጡህ?» ስለው ለቀኑ 1,500 ብር ነው አለኝ። ከኛ 18 ሺህ የተቀበለው ሰውዬ ቢሮው ቁጭ ብሏል። እንደ ዱባዩ ዓይነት ብር በዚህ ልጅ ላይ ብትጭን ቤቱን አፈረስክ ማለት ነው፣ ባለቤቱ ላይ ብትጭን ደሞ ጥርን ሙሉ ብር ሲዝቅ ስለሚውል ቁርሱ ነው። በዚህ በኩል ፊንላንዶች ይሻላሉ፣ የነሱ የፍጥነት ቅጣት በገቢ ይሰላል፣ 2023 ላይ አንድ ሀብታም ሰውዬ በ50 መንገድ 82 ነድቶ 121 ሺህ ዩሮ ከፍሏል። እሱ ይሰማል!

የኛን ሕግ ደሞ የሕግ ምሩቅ የሆነች ጓደኛዬን ጠየቅኳት። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደል ነው፣ እንደ ሾፌር የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ከሆነ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና ከ3 ሺህ እስከ 6 ሺህ ብር፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ከገደለ ወይም ሆን ብሎ ደንብ ጥሶ ከሆነ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት፣ ከ10 ሺህ እስከ 15 ሺህ ብር ጭምር። እስራቱ ቀላል አይደለም፣ ሞተሩን በቁልቁለት ያነሳው ልጅ ያችን እናት ገድሏቸው ቢሆን «ሳላውቅ» ማለት አይችልም፣ አውቆ ነው ያነሳው፣ 15 ዓመትን ያያት ነበር። ብሩን ግን እዩት፣ ትልቁ መቀጫ 15 ሺህ ነው፣ ሾውን የገዛነው በ18 ሺህ! ብሩ ድሮ ብር ነበር በቃ፣ ዛሬ የሁለት ቀን አስቤዛ ነው።

ግን እኔን ያበሳጨኝ እሱ ብቻ አይደለም። ሕጉ የሚያገሳው ሬሳ ሲኖር ነው። ያን ቀን ያዳነን የአንድ ክንድ ርቀት ነች፣ ልጁ ያደረገው ነገር ግን እናትየውን ቢገጭም ባይገጭም ያው አንድ ነገር ነው፣ እጁ አንድ ነው፣ ልቡ አንድ ነው፣ ልዩነቱ የሳቸው እድል ነው። በሳቸው እድል እሱ ለምን በነጻ ይሄዳል? የሞተ የለም ብላችሁ 15 ዓመት እሰሩት እያልኩ አይደለም ኧረ፣ የሃያ ምናምን ዓመት ልጅ ቃሊቲ አስገብቶ ማበላሸት ምን ይጠቅማል።

ልጁን እራት ላይ አንድ ሌላ ነገር ጠይቄው ነበር፣ «ክሱ አያስፈራህም?» አልኩት፣ ሳቀ። «መንጃ ፈቃድህን ለዓመት ቢወስዱብህስ?» ስለው አልሳቀም። «ያኔማ አለቀልኝ፣ በሱ አልቀልድም» አለኝ። መልሱ እሱ አፍ ላይ ነው ያለው። ለልጁ መንጃ ፈቃድ ለዓመት፣ የወደቁትን እናት የስራ ቀን ሂሳብ ከኪሱ። ለባለቤቱ ደሞ ብር አይደለም፣ መኪናዋ ትታሰር፣ ግን በዘፈቀደ 60 ቀን አይደለም፣ በዓቢይ ጾም ብታስርበት ምን ገዶት፣ ሰርግ የለ፣ እሱም ያርፋል። ጥርን ሙሉ ፖሊስ ግቢ ትቁምለት፣ ወይ ከዳግማይ ትንሳኤ እስከ ግንቦት መጨረሻ። አበባ ሳይሆን አቧራ ለብሳ። አንድ ወቅት እንዲህ ቢያሳልፍ ሾው ፓኬጅ የሚባለውን ከዝርዝሩ ላይ ራሱ ነው የሚሰርዘው። ለኛ ለደንበኞቹ ደሞ የከፈልነው ልክ ይጨመርብን፣ እኔ 18 ሺህ ሌላ እከፍል ነበር፣ እየቀፈፈኝ።

እነሱ ጋር ግድ የምትከራዩ ከሆነ (መኪኖቹ እውነትም ጥሩ ናቸው) ጋሼን በስም ጠይቁ፣ ውሉ ላይ ያንን የቅጣት መስመር አሰርዙ፣ «ሞተር የለም፣ ድሪፍት የለም፣ ኮፈን አይከፈትም» ብላችሁ በእጅ አስጽፉና አስፈርሙ። እምቢ ካሉ ውጡ፣ የሰርግ መኪና የሞላበት ከተማ ነው።

ቪዲዮው ባለፈው ሳምንት ደረሰ። የሞተሩን ቦታ ስሎው ሞሽን አድርገው ዘፈን ከተውበታል፣ ያምራል ደሞ፣ መዋሸት አልችልም፣ ያምራል። በቀኝ በኩል ጥግ ላይ ግን እንጨቱ ሲበተን ይታያል፣ ቀስ እያለ፣ አንድ በአንድ። ወንድሜ ኤዲተሩ ጋ ደውሎ እሷን ቁረጥልኝ ሊለው ነበር። አትቁረጣት አልኩት፣ ተኮራርፈናል፣ እስካሁን አልተነጋገርንም።