ታሚያ ክሎድ በስተር፦ ሞተሩ ሁለት፣ ፍጥነቱስ?

ሁለት ሞተር አለው ሲባል ሰምቶ በእጥፍ ይሮጣል ብሎ የሚገዛው ሰው ቅር ይለዋል። የጃፓኑ የመጫወቻ ሞዴል አምራች ታሚያ በ1987 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ ባለ ግዙፍ ጎማ ሪሞት መኪና ከፊትም ከኋላም አክስሉ ላይ አንድ አንድ 540 የሚባል (በመጠኑ የሚጠራ) ሞተር አለው። መሃል ላይ ሁለቱን አክስል የሚያገናኝ ካርዳን የለውም፤ እያንዳንዱ አክስል የራሱን ጎማዎች ይነዳል።

የሞተርን ዙር የሚወስነው የሚደርሰው ቮልት ነው። መደበኛው 540 በ7.2 ቮልት ያለ ጭነት በደቂቃ 15,000 ገደማ ይዞራል፤ ሌላ ቢጨመርበትም ያው 15,000 ነው። የሚጨምረው ጉልበቱ ነው። በሬ ሁለት መጥመድ ጠንካራ መሬት ያስገለብጣል እንጂ በሬዎቹን አያስሮጥም። ሸክሙን ስለሚካፈሉ ዳገት ላይና ሣር ውስጥ ዙሩ ብዙም አይወርድም፤ ለጥ ባለ አስፋልት ላይ ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሽቦው ላይ ነው። ሞተሮቹን በፓራለል፣ ማለትም እያንዳንዱን በቀጥታ ከባትሪው መስመር ጋር፣ እሰሩ። በሲሪየስ (አንዱ ከሌላው ተከትሎ) ከታሰሩ 7.2ቱ ቮልት ለሁለት ተከፍሎ ለእያንዳንዱ 3.6 ይደርሰዋል፣ ፍጥነቱም በግማሽ ይወርዳል። ይባስ ብሎ አንዱ አክስል አየር ላይ ሲንጠለጠል ቮልቱን እሱ ይወስድና መሬት የያዘው ይለግማል። በፓራለል ደግሞ አምፒሩ እጥፍ ስለሚሆን ሁለት ባለ 27 ተርን ሞተሮችን እንደ አንድ ባለ 13 ተርን አስሏቸው (ተርን የሽቦው ጥቅል ብዛት ነው፤ ሲያንስ ሞተሩ ብዙ አምፒር ይስባል)፤ ‘እስከ 20 ተርን’ የሚል ስፒድ ኮንትሮለር (ለሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚቆጣጠረው ዕቃ) ይግላል፣ ከዚያም ያቋርጣል።

ሁለቱ አክስሎች አንድ ዓይነት ናቸው፤ ጀርባ ለጀርባ ስለሚገጠሙ አንዱ ሞተር በተቃራኒው መዞር አለበት። የአንዱን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ካልገለበጣችሁ አክስሎቹ እርስ በርስ ይጓተታሉ። ታይሚንጉ (የካርቦኖቹ አቀማመጥ) ለአንድ አቅጣጫ ዙር ብቻ የተገፋ ሞተርም አይስማማውም፤ በተቃራኒ የሚዞረው ይፈላል፣ ካርቦኑንም ቶሎ ይጨርሳል። ሞተር ስትቀይሩ ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ቀይሩ፣ አለዚያ ፈጣኑ ዘገምተኛውን ሲጎትት ይውላል።

ፍጥነት የሚገኘው ከቮልትና ከማርሽ ነው። የክሎድ ካምቢዮ ፒኞን (ሞተሩ ላይ የሚገጠመውን ትንሽ ማርሽ) ለመቀየር አይመችም፤ ስለዚህ የሚቀረው ቮልት ነው። ኮንትሮለሩ ከቻለ ከ7.4 ወደ 11.1 ቮልት ሊትየም ባትሪ መሄድ ዙሩን በግማሽ ያህል ይጨምራል፤ ግን 540ው ለዚያ አልተሠራምና በየ5 ደቂቃው አቁማችሁ ንኩት፣ ጣት የማያስነካ ከሆነ ይብቃው። ትራክሳስ የተባለው ኩባንያ የሠራው ሪሞት መኪና ኢ-ማክስም ሁለት ሞተር ነበረው፤ ያስሮጠው ግን 14.4 ቮልቱ ነው። ኩባንያው ብራሽለስ (ካርቦን የሌለው ሞተር) ሲያደርገው አንድ ሞተር ብቻ ነው የገጠመለት።

ክሎድ ለድንጋይ፣ ለጭቃና ለመጎተት ይገዛ። ለሩጫ የያዛችሁት ገንዘብ ለአንድ ብራሽለስ ሞተር ይዋል። ክሎድን ከገዛችሁ ደግሞ መጀመሪያ የምትነኩት ሞተሩን ሳይሆን መሪውን ይሁን፤ መሪውን የሚያዞረው ትንሽ ሞተር፣ ሰርቮው፣ ሻሲው ላይ ስለሆነ አክስሉ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ጎማው በራሱ ይዞራል፣ ሰርቮውን አክስሉ ላይ ማዛወር ያስተካክለዋል።