የሸክላ ቤት ውጪውን ማስለሰን፦ ያዋጣል?

አዲስ አበባ ውስጥ ያረጀ የሸክላ ጡብ ቤት ክረምት ላይ ውስጡ መርጠብ ሲጀምር ግንበኛው የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፦ «ውጪውን ልሰኑት»። ጡቡ ጤነኛ ከሆነ ግን ይህ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ውሃው የሚገባው ከተቀደደ አሸንዳ፣ ከሥሩ የውሃ ማንጠባጠቢያ ጎድጓዳ መስመር ከሌለው የመስኮት ሶግሊያ (የመስኮቱ የታችኛው ደፍ)፣ ወይም ከጡቦቹ መጋጠሚያ ነው። መጋጠሚያውን በሚስማር ጫሩት፤ እንደ አመድ ከረገፈ እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ጠርጎ ስቲላቱራውን (በጡቦቹ መሐል የሚሞላውን ሙሌት) ማደስ ይበቃል። ዋጋውም ያንሳል፣ የጡቡም መልክ ይተርፋል። ልስን ግን አንዴ ከተመታ መመለሻ የለውም፤ ሲፈለፈል የጡቡን ፊት ይዞ ይወርዳል፣ ካልፈለፈላችሁትም ቀለሙን በየጊዜው ማደስ የእናንተ ዕዳ ነው።

ከመሬት ወደ ላይ የሚወጣ እርጥበት ካለ ደግሞ ጭራሽ አትሞክሩት። ልስኑ መድረቂያ መንገዱን ስለሚዘጋበት ውሃው ከፍ ብሎ ይወጣል፣ ነጭ ጨውም ቀለሙን ያስነሳዋል።

ልስን የሚያዋጣው የጡቡ ፊት መላጥ ከጀመረ፣ ወይም ጡብና ብሎኬት የተቀላቀለበት ግድግዳ ከሆነ ነው። እዚህ ላይ ገበያው የሚያቀርበው ሥራ አንድ ትልቅ ችግር አለበት፤ ሲሚንቶ ይበዛዋል። አንድ ለሦስት (1 ሲሚንቶ፣ 3 አሸዋ) ለአሮጌ ጡብ ከመጠን በላይ ጠንካራ ነው። ሲደርቅ ይሸማቀቅና ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ዝናብም መውጫ ያጣል። የሚሻለው 1 ሲሚንቶ፣ 1 ኖራ፣ 6 አሸዋ ነው፤ ሲሚንቶው ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት ሲሚንቶ) ቢሆን ይበቃል። ኖራ ሲባል ጀሶ አይደለም! ቶሎ እንዲይዝ ብሎ ጀሶ ጣል የሚያደርግ ሠራተኛ አይጠፋም፤ ጀሶና ሲሚንቶ ውጪ እርጥበት ሲያገኙ ያብጡና ልስኑን ያፈርሱታል።

አሸዋውን በብርጭቆ ማሰሮ ፈትሹ። ግማሽ ድረስ አሸዋ ሞልታችሁ ውሃና ትንሽ ጨው ጨምራችሁ ናጡትና ለ3 ሰዓት ተዉት። ከላይ የተኛው ጭቃ ከአሸዋው አንድ አሥረኛ ከደረሰ ይታጠብ ወይም ይመለስ።

ለ100 ካሬ ግርፉ፣ ማለትም ልስኑ እንዲይዝ በቅድሚያ ግድግዳው ላይ የሚረጨው ስስ እጅ (1 ሲሚንቶ ለ2 አሸዋ፣ ውፍረቱ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር) ከ5 እስከ 6 ከረጢት ሲሚንቶ ይወስዳል። በላዩ የሚመጡት ሁለት እጆች፣ ማለትም 10 ሚሊ ሜትር ልስንና 5 ሚሊ ሜትር ማለስለሻ፣ ከ9 እስከ 10 ከረጢት ሲሚንቶና 2 ኩንታል ገደማ ኖራ ይፈልጋሉ። አሸዋው በድምሩ 2.5 ሜትር ኩብ ይሆናል። በአንድ ለሦስት ቢሆን እነዚሁ ሁለት እጆች ብቻ 19 ከረጢት ይበሉ ነበር።

መጋጠሚያው 1 ሳንቲ ሜትር ይጠረግ፣ ግድግዳው ከዋዜማው ጀምሮ ይረስርስ። ጡብና ኮንክሪት በሚገናኙበት ቦታ በየጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር የሚይዝ የዶሮ ሽቦ ይመታ፤ ካልተመታ ስንጥቁ በዚያው መስመር እንደሚወጣ አትጠራጠሩ። ግርፉ ቢያንስ 3 ቀን፣ ልስኑ ደግሞ 7 ቀን ሳይሞላቸው ቀጣዩ እጅ አይመታ፤ በመሐሉም ውሃ ይርከፍከፍባቸው። ወሩ ጥቅምት ይሁን፤ ፀሐዩ ግን ስለሚያቃጥል የምሥራቁ ግድግዳ ከሰዓት፣ የምዕራቡ ጠዋት ይሠራ። ከተቦካ ሁለት ሰዓት ያለፈው ቡኬት ይደፋ እንጂ ውሃ ተጨምሮበት አይታሽ። ታችኛው ጠርዝ ከአፈሩ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ያብቃ፣ ቀለም ደግሞ ከ28 ቀን በፊት አይነካው።

የእጅ ዋጋው በካሬ ነው የሚቆረጠው፤ በካሬ የተዋዋለ ሠራተኛ ደግሞ ሦስቱን እጅ በሁለት ቀን ጨርሶ መሄድ ይፈልጋል። የመጨረሻውን ክፍያ ሳትለቁ ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ ከዳር እስከ ዳር ቆርቁሩት፤ ባዶ በርሜል የሚመስል ድምፅ የሰጠው ቦታ አልያዘም፣ በአራት ማዕዘን ተቆርጦ እንደገና ይመታ።