ሊዝበን ያለው የአዙሌጆ ሙዚየም

ሴራሚክ ማንጠፍ እንጀራዬ ነው። ሊዝበን ስሄድ መጀመሪያ የሮጥኩት ወደ ብሔራዊ የአዙሌጆ (የፖርቱጋሎች ባለ ቀለም የግድግዳ ሴራሚክ) ሙዚየም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1509 የተመሠረተ ገዳም ውስጥ ነው ያለው።

የሴራሚክን ዘመን መለየት የተማርኩት እዚያ ነው። የ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያዎቹን ጎንበስ ብላችሁ በጎን እዩዋቸው። ቀለም ከቀለም እንዳይደባለቅ የተሠራ ቀጭን ከፍታ አላቸው። የ17ኛው ሰማያዊና ቢጫ ነው፤ ልክ እንደ ምንጣፍ ግድግዳውን ይሸፍናል። ከዚያ የሆላንዶች ተጽዕኖ መጣ፤ ሰማያዊና ነጭ ነገሠ። ሊዝበንን ካፈራረሰው የ1755ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ያሉት ቀለል ያሉ፣ የሚደጋገሙ ናቸው።

ልቤን የወሰደው ግን ከመንቀጥቀጡ በፊት የነበረችውን ሊዝበን የሚያሳየው፣ 23 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ሥዕል ነው። ከአንዱ ሴራሚክ ወደ ሌላው የሚሻገረውን መስመር በዓይኔ ተከተልኩት። እንዴት ያለ እጅ ነው!